ውሻውን ከማምጣታችሁ በፊት ስለ ድመቷ እናውራ

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ስኳርም አላወራም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ጥያቄው ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ከጎዳና የተነሳ ቡችላ ቋሚ ቤት እስኪገኝለት እኔ ጋ እንዲቆይ ተስማምቻለሁ። ግን ድመት አለችኝ። ይበላብኝ ይሆን?»

«ይሄ የእንስሳት ሐኪም ጥያቄ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። ውሻና ድመት አንድ ቤት ገብተው ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን እኔ ዘንድ የሚመጣው ሊገላግል ገብቶ የተነከሰው ሰው ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። የጎዳና እንስሳ ቤቱ የሚያስጠጋ ወጣት በከተማችን መብዛቱ ደስ ይለኛል። ውሻን በመርዝ እየጨረሱ «ችግሩን ፈታን» ከማለት ይሄ በብዙ ይሻላል፤ በመርዝ የእብድ ውሻ በሽታን ያጠፋ አገር አላውቅም። ነገር ግን ድመት ያለበት ቤት ውሻ በአደራ ሲቀበል ሥራው መጀመር ያለበት ከድመቷ ነው። የድመቷ ነገር ካላለቀ ውሻው ደጃፉን ማለፍ የለበትም። ይሄን ስል አንዳንዶች «ጨካኝ ነህ፣ ቡችላው እኮ ዝናብ ላይ ነው» ይሉኛል። ለምን እንደማልለሳለስ ላስረዳ።

እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ድመትሽ ተከትባለች?» አብዛኛው ሰው ይስቃል። «ድመት ደግሞ ይከተባል እንዴ?» ውሻ መከተብ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ቡችላውን የሚያነሱት ልጆችም ብዙ ጊዜ «እናስከትበዋለን» ብለው ነው የሚሰጡት። ድመቷ ግን የቤት ልጅ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም። የበሽታው ስም ራሱ ያሳሳተን ይመስለኛል። በአማርኛ የእብድ ውሻ በሽታ ስላልነው የውሻ ብቻ መስሎን ቀረ። ቫይረሱ ግን ስም አይመርጥም። ድመት ይይዛል፣ አህያ ይይዛል፣ ላም ይይዛል፣ ጅብ ይይዛል። የሚያጠቡ እንስሳት ሁሉ ይያዛሉ፤ ሰውን ጨምሮ። እርግጥ ሰው ላይ ከሚከሰተው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። ያልተከተበች ድመት ግን ታሪኩ ከማይታወቅ የጎዳና ውሻ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትቆለፍ፣ ከውሻው ወደ እናንተ የምታሻግር ድልድይ ልትሆን ትችላለች። እሷ ደግሞ አልጋችሁ ላይ ነው የምትተኛው።

በአያቶቻችን ቤት ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ውሻ ውጭ ነው፣ ድመት ውስጥ ናት። ውሻው በር ይጠብቃል፣ ድመቷ አይጥ ትይዛለች፣ ድንበራቸው ደጃፉ ነው። በሃይማኖትም በልማድም ውሻ ቤት አይገባም ይባል ስለነበር ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ የሚገናኙት ግቢ ውስጥ ነው፤ ድመቷም አጥር ላይ ዘላ ትገላገላለች። ያ ልማድ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ከጤና አንጻር ሳይታወቅ ብዙ ጠቅሞናል። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ግን አጥርም ግቢም የለም። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ሲበዛ አንዲት በረንዳ ነው ያለው። ውሻ፣ ድመት፣ ልጅ፣ የቤት ረዳት፣ ሁሉም እዚያችው ውስጥ። ልማዱን ትተነዋል፤ በቦታው የተካነው ሌላ ጥንቃቄ ግን የለም።

በውጭ አገር ይሄ ሥራ ሥርዓት አለው። ግሬይሀውንድ የሚባሉትን ውሾች በፊልም አይታችሁ ይሆናል፤ ቀጫጭን፣ እግረ ረጃጅም፣ ለሩጫ ውድድር የሚረቡ ናቸው። ሜዳው ላይ የሚሮጡት ከፊታቸው የምትሸሽ ሰው ሠራሽ ጥንቸል እያባረሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፍሎሪዳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ሰጥቶ ውድድሩ እንዲቀር ወሰነ፤ በ2020 መጨረሻም ቆመ። ከሩጫ የተሰናበቱት ውሾች ቤት ይፈለግላቸዋል፤ ቋሚ ቤት እስኪገኝ ደግሞ ፈቃደኛ ቤተሰቦች በአደራ ያቆዩአቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ዕድሜውን ሙሉ የምትሸሽ ነገር ሲያባርር የኖረ ውሻ ከፊቱ ድመት ስትሮጥ ምን ያደርጋል? አስጠጊዎቹ ይሄን ለዕድል አይተዉትም። ውሻው አፉ ላይ ማፈኛ ተደርጎለት፣ በማሰሪያ ተይዞ ድመት እንዲያይ ይደረጋል። አንዳንዱ አሽትቶ ዞር ብሎ ይተኛል። አንዳንዱ ዐይኑን ሳይነቅል ያፈጥና ሰውነቱ ግትር ይላል፤ ስሙን ቢጠሩትም አይሰማም። እንዲህ ያለው ድመት ያለበት ቤት አይሄድም፣ አለቀ። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ሶፋ ላይ ከድመቷ ጎን እየተኛ፣ ያቺው ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ሊያባርራት እንደሚችል ለቤተሰቡ ይነገራል።

የእኛ የሰፈር ቡችላ ግሬይሀውንድ አይደለም፤ ጥንቸል አባርሮም አያውቅም። ከዚያ ልምድ የምወስደው ውሳኔው የሚያልቀው ውሻው በር ሳይገባ መሆኑን ነው። እኛ ጋ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ «እስቲ እንያቸው» ይባላል፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ። ሌላም ልዩነት አለ። እነዚያ ውሾች ሲመጡ ወረቀት አላቸው፤ የት እንደተወለዱ፣ ምን እንደተከተቡ ይታወቃል። የእኛው ቡችላ ግን እናቱ ማን እንደሆነች፣ ትናንት ማን እንደነከሰው የሚያውቅ የለም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ስጽፍ ሁሌም ቃላት እመርጣለሁ፤ ሰው ማስፈራራት ስለማልወድ። ይሄን ግን ማለዘብ አይቻልም፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን የምንችልበት መድኃኒት የለንም። ተማሪ እያለሁ አንድ በሽተኛ አይቻለሁ። ውሃ ጠምቶት ይጠይቃል፤ ኩባያው ሲቀርብለት ጉሮሮው ይያዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይገፋዋል። መስኮት ሲከፈት ነፋሱ ራሱ ያንኑ ያደርገዋል። መሃል ላይ ደግሞ አእምሮው ጥርት ብሎ ያወራችኋል። የነከሰው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ቁስሉ ድኗል፣ ረስቶታል። እኛ ማድረግ የምንችለው ሕመሙን ማስታገስና አጠገቡ መቆም ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኞቹ አፍሪካና እስያ ውስጥ ናቸው፣ ከ10 ሰው 4ቱ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። አዲስ አበባ ከበሽታው ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች 20 ዓመት ሳይሞላት፣ የውሾች ወረርሽኝ ተመዝግቦባታል። ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን የኖረ፣ በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል በሽታ ነው።

አሁን ወደ ቡችላው እንመለስ። አንድ የተሳሳተ ስሌት በብዛት እሰማለሁ፦ «10 ቀን አቆየሁት፣ ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው።» አይደለም። 10 ቀን የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ውሻ ወይም ድመት ሰው ከነከሰ በኋላ እስከ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ለማለት ነው የሚጠቅመው። በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጭራውን እየቆላ የሚጫወት ቡችላ ከአንድ ወር በኋላ ሊታመም ይችላል። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ቡችላ ጤነኛ ነው። ዜሮ ግን አይደለም፣ ዋጋው ደግሞ ሕይወት ነው። ለዚህ ነው ድመቷ ቀድማ መከተብ ያለባት። የመጀመሪያ ክትባቷ ሥራውን እስኪሠራ አንድ ወር ገደማ ስጧት። ዛሬ ተከትባ ነገ ውሻ ብታመጡባት ገና አልተጠበቀችም። ቡችላውም 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ሁለቱም ይደገምላቸዋል።

«አንድ ወር ሙሉ?» አዎ። ድመቷ ካልተከተበች በዚህ ወር አትቀበሉ፤ ለሚቀጥለው ቡችላ ተዘጋጁ። መንገድ ላይ የሚቀጥለው ቡችላ እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ።

ስለ ድመት ንክሻ ለብቻው ማውራት አለብኝ፤ ሰዉ በጣም ይንቀዋል። በአንድ ተረኛ ቀን አንዲት ወጣት መጣች። ቀኝ እጇ አውራ ጣቷ ሥር እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ ቀልቷል፣ ጣቷን ማጠፍ አቅቷታል። ቁስሉን ስፈልግ ያገኘሁት የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ሁለት ነጠብጣቦች ብቻ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ቡችላ አምጥታ ከድመቷ ጋር ልታስተዋውቅ ስትል ድመቷን አቅፋ ነበር። ቡችላው ዘለለ፣ ድመቷ ማምለጫ አጣች፣ ያቀፋትን እጅ ነከሰች። ሦስት ዓመት አብራት የተኛች ድመት ናት። ልጅቷ በጣም ያዘነችው በእጇ አልነበረም፤ «እኔን እንዴት?» ነው የምትለው። ድመት ስትደነግጥ ማን እንደሆናችሁ አትለይም። ደም በደንብ ስላልፈሰሰ ደግሞ ልጅቷ ቁስሉን በሶፍት ጠርጋ ነው የተኛችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሻ ጥርስ ሥጋ ይቀዳል፣ ይደማል፣ ያስደነግጣል፤ ሰውም ወዲያው ሐኪም ጋ ይሮጣል። የድመት ጥርስ ግን ቀጭንና ሹል ነው፤ ጠልቆ ይገባና ቀዳዳው ላዩ ላይ ወዲያው ይዘጋል። አፏ ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ፓስቱሬላ የሚባለው፣ ውስጥ ታሽጎባቸው ይቀራሉ። ለዚህ ነው የድመት ንክሻ ከውሻ ንክሻ ይልቅ ቶሎ የሚያመረቅዘው፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያብጣል። እጅ ላይ ከሆነ ጅማትና መገጣጠሚያ ቅርብ ስለሆነ ቀልድ አይደለም። እጁን ድመት የነከሰው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ፋርማሲ ገብታችሁ «አንቲባዮቲክ ስጡኝ» እንዳትሉ ደግሞ፤ የትኛውም አይደለም የሚሠራው።

ቡችላው ሌላም ይዞ ይመጣል፤ ቁንጫ። ውሻና ድመት ቁንጫ ይጋራሉ። ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ከድመት ወደ ድመት የሚዛመተው በቁንጫ ነው፤ የቁንጫው ኩስ ጥፍሯ ውስጥ ይገባና ስትቧጭራችሁ ወደ እናንተ ያልፋል። ከተቧጨሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ብብት ወይም አንገት ላይ ንፍፊት ያብጣል፣ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። እኛ አገር ግን አንድ ጣጣ አለው። ንፍፊት ሲያብጥ ሁላችንም፣ ሐኪሙም በሽተኛውም፣ ቀድመን የምናስበው የንፍፊት ቲቢን ነው፤ ልክም ነን፣ ምክንያቱም በአገራችን በብዛት አለ። ስለዚህ ልጃችሁ አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት ጤና ተቋም ስትወስዱት «ቤታችን ድመት አለች፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቧጭራው ነበር» ማለትን አትርሱ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን መንገድ ታስይዘዋለች። ከጎዳና ከመጡ እንስሳት ልጆች ላይ ጭርት መጋባቱም የተለመደ ነው፤ ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚቀላ፣ የሚያሳክክ። እሱ በቅባት ይድናል፣ አያስጨንቃችሁ።

ነፍሰ ጡር እህቶቼ ደግሞ በሌላ ጽንፍ ናቸው። እርግዝናዋን ባወቀች ማግስት ድመቷን በካርቶን ጠቅልላ ሌላ ሰፈር የምትጥል አለች። ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ፈርታ ነው። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ መፍትሔው ግን ልክ አይደለም። ድመት ተውሳኩን በኩሷ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ኩሱም ሰው የሚይዝ እስኪሆን ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አሸዋዋ በየቀኑ ከተጣለ፣ የሚጥለውም ሌላ ሰው ከሆነ፣ ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር፣ ድመቷን ጥላ እሑድ ጥሬ ሥጋ ቤት የምትገባዋ ናት። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ከተውሳኩ ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ውሻ ሲጨመር ግን አንድ ነገር ይለወጣል፤ ውሻ የድመት ኩስ ይበላል፣ ይንከባለልበታል፣ ከዚያ ይልሳችኋል። የድመቷ አሸዋ ውሻው የማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ለነፍሰ ጡር ቤት ግን ቡችላ በአደራ መቀበልን አልመክርም፤ ቢያንስ እስክትወልድ ይቆይ።

ከበዓል ጋር የተያያዘ ደግሞ አለ። በግ ቤት ስናርድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታገኛላችሁ። ምን እናደርገዋለን? ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። የዚያ ከረጢት ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ በእጃችን ወደ አፋችን ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት በአልትራሳውንድ እናየዋለን፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። የጎዳና ውሻ ደግሞ ኑሮው የቄራና የበዓል ተረፈ ሥጋ ነው። ስለዚህ ቡችላው ቤት ከመግባቱ በፊት የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ የእንስሳት ሐኪሙን «የኮሶ ዘር የሆኑትንም የሚገድል ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆን አለበት። ድመቷም አብራ ትውሰድ። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለሁለቱም አትስጡ።

አሁን ማንም የማያነሳውን ላንሳ። ቡችላውን ለማስጠጋት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ጠዋት ሥራ የምትሄዱትም እናንተ። ቀኑን ሙሉ ከውሻውና ከድመቷ ጋር የምትውለው ግን ቤት የምታግዛችሁ ልጅ ናት። ጠይቃችኋታል? ውሻ ትፈራ እንደሆነ፣ ሃይማኖቷ ምን እንደሚል፣ ቢጣሉ ምን ማድረግ እንዳለባት ነግራችኋታል? ከገጠር የመጣች ልጅ ስለ እብድ ውሻ ከእናንተ የተሻለ ልታውቅ ትችላለች፤ ግን ተነክሳ አትናገርም። «ምን አድርገሽው ነው?» እባላለሁ ብላ ትፈራለች። ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ውሻው እንዳይባረር ብለው፣ ወይ እንዳይገረፉ ብለው ንክሻ ይደብቃሉ። እኔ ከማንኛውም ክትባት እኩል የማየው ይሄንን ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ንክሻ የተናገረ ሰው የማይቆጣበት ሕግ ይኑር። ማታ ማታ የልጆቹን እጅና እግር ማየት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነው።

ከተነከሳችሁ ወይም ደም እስኪወጣ ከተቧጨራችሁስ? የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃና ሳሙና ነው፤ ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃል። ለ15 ደቂቃ፣ በሚፈስ ውሃ፣ ሰዓት እያያችሁ። 15 ደቂቃ ስትቆሙበት ረጅም ነው፤ ሰው 1 ደቂቃ አጥቦ «ታጥቤያለሁ» ይለኛል። ውሃ ከሄደ በጀሪካን ሰው ያፍስስላችሁ። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና አትደፍድፉበት፤ በጨርቅ አትጠፍሩት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ስለ ክትባቱም ስለ ቴታነስም እዚያ ይወሰናል። ቁስሉ ጠለቅ ያለ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ላይ የሚወጋ ሌላ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። እርግዝናም ማጥባትም ክትባቱን አይከለክልም። «10 ቀን ውሻውን ልየውና» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ክትባቱ ይጀመራል፣ እንስሳው 10 ቀን ጤነኛ ከሆነ ማቋረጥ ይቻላል። ለዚህም ሲባል ውሻውን ወይም ድመቷን ተናድዳችሁ አትግደሉ፣ ራቅ አድርጋችሁም አትጣሉ፤ ለይታችሁ አቆዩ። ጠበል መሄድ ለሚፈልግ ሰው እኔ አትሂድ አልልም፤ ክትባቱን ግን አንዲት ቀን አታሳልፉ። ከወተት ጋር የሚጠጣ ቅጠል ይዞ ቤት የቀረ ሰው ጉዳይ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ክትባቱን የሚፈሩ ደግሞ አሉ፤ በድሮው በሆድ ዙሪያ በሚወጋው ብዙ መርፌ ምክንያት። የዘመኑ ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ ቀጠሮውም ጥቂት ነው።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም ቡችላውን የምትፈልጉት ከሆነ፣ እንግዲህ ደስ ይለኛል። ድመቷ ተከትባ ወሩ ሲሞላ፣ ሁለቱም የትልና የቁንጫ መድኃኒት ሲያገኙ፣ ቡችላው ይምጣ። በር የሚዘጋ ክፍል ይኑረው። የመጀመሪያውን ሳምንት አይተያዩ፤ እሱ የተኛበትን ጨርቅ ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ ስጡ፣ በሽታ ይተዋወቁ። (ደዌ ማለቴ አይደለም፤ በአፍንጫ ነው!) ከዚያ እሱ በማሰሪያ ተይዞ፣ እሷ ቁም ሳጥን ላይ የምትወጣበት ቦታ ኖሯት ይተያዩ። ድመቷን አታቅፏት፤ ራሷ ትምጣ፣ ራሷ ትሂድ። ምግባቸው የተለያየ ቦታ ይሁን። ከተጣሉ ብርድ ልብስ ወርውሩ፣ ውሃ ርጩ፣ ድስት አንኳኩ፤ እጃችሁን ግን መሃላቸው አታስገቡ። ቡችላው አፍጥጦ ግትር ካለ ያቺ የፍሎሪዳዎቹ ምልክት ናት፤ ሌላ ቤት ይፈለግለት። በዚህ ማፈር የለም።

አንድ ክፍል ብቻ ያላችሁ፣ የሚዘጋ በር የሌላችሁ፣ ገና መዳህ የጀመረ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ግን አትቀበሉ። በሌላ መንገድ መርዳት ትችላላችሁ። የአንድ ውሻ ክትባት ክፈሉ፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። የሰፈራችሁ ጥበቃ የሚያበላትን ያቺን ውሻ ማስከተብ እኮ አንድ ቡችላ ቤት ከማስገባት በላይ ሰፈሩን ይጠብቃል።

ቡችላ እያነሳችሁ በየገጹ «ቤት ስጡት» ለምትሉ ወጣቶችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ፎቶውን አይቶ «እኔ ልውሰደው» ያለውን ሰው ሁሉ «ቤትህ ድመት አለች? ተከትባለች? የክትባት ካርዷን ፎቶ ላክልኝ» ማለት ጀምሩ። ካርዱን መላክ ያልቻለ ሰው አንድ ወር ይጠብቅ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ካርዱን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ቀን እኔን የመሰለ ተረኛ ሐኪም «ድመቷ ተከትባለች?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ያንን ነው የምታሳዩት።